ሸለቆ የሚሻገር ማጉያ

ማን ማን እንደነበርን አስቀድሜ ልናገር፤ ነገር የሚበላሸው ሰዎቹ ሳይታወቁ ሲወራ ነው። ስም ግን አልጠራም። ግማሾቹ ዛሬም ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ አይተው እንዳላዩ የሚያልፉኝ ናቸው።

አንደኛው እኔ ነኝ። ቡሬ ከተማ ዳር፣ ሸለቆው አፋፍ ላይ የእህል ወፍጮ ነበረኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። የወፍጮውን ሞተር ማንም ሳያሳየኝ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ከዚህ የተነሳ አንድ እምነት ይዣለሁ፤ ራሴ ያልፈተንኩትን አልቀበልም።

ሁለተኛው የበኩር ልጄ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ባሕር ዳር ሥራ ፍለጋ ሄደ። ሲመለስ በጀርባው ጊታር ነበር። ሦስተኛዋ ባለቤቴ ናት። በዚህ ሁሉ ነገር መቆም ያለበት ቦታ ላይ የቆመች እሷ ብቻ ነበረች፤ የጠየቃት ግን የለም።

አራተኛው የባለቤቴ ወንድም፣ የደብሩ መሪጌታ ነው። ዜማ ያስተምራል። ከተማሪዎቹ መካከል አንዱ ድምፁን ቢስት ዓይኑን ሳይገልጥ ማን እንደሆነ ይጠራዋል። ዘፈን ይጸየፋል፤ እኔንም ይጸየፋል። እህቱ ለዱቄት ሰው መዳሯን እስከ ዛሬ አልዋጠውም። አምስተኛው ፍኖተ ሰላም ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ስድስተኛው ልጁን የዳረው ገበሬ ነው፤ ሀብታም፣ ቤቱ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ሌላ ሸለቆ ጫፍ ላይ የተሠራ። የመጨረሻዎቹ ከእሱ ቤት ማዶ ያሉት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ በነገሩ ውስጥ አልነበሩም፤ እኛ ነን የጎተትናቸው።

ዘመኑ ሞባይል ቡሬ ከተማ ገብቶ ገጠር ገና ያልደረሰበት ነው። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ልጄ ያመጣው ጊታር እንደሌላው ጊታር አልነበረም። ቤዝ ይሉታል። ሆዱ ከእንጨት የተሠራ፣ ባዶ፣ እንስራ የሚያህል ነው። ክሮቹ አራት ብቻ ሆነው እንደ ጅማት የወፈሩ ናቸው። ጎኑ ላይ ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲነካው እንደ ጉርምርምታ ያለ ነገር ይሰማል፤ በሩን ከፍተህ ስትወጣ ግን የለም።

«ይህን ሁሉ ሆድ ተሸክሞ ድምፅ የለውም እንዴ?» አልኩት።

«ማጉያ ይፈልጋል፣ አባ። ይኸው፣ መሰኪያው እዚህ ነው።»

«ሲሸጡልህ ድምፁን ሱቅ ረስተውት ነው?»

ልጄ ሲናደድ ዝም ይላል፤ ይህን ከእናቱ ወሰደ። እኔ ስናደድ እናገራለሁ። ቤታችን እንዲህ ነበር የሚኖረው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይዘጉታል።

ከሁለት ጓደኞቹ ጋር፣ አንዱ ኦርጋን እየተጫወተ የሚዘፍን፣ አንዱ ከበሮ የሚመታ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ነበር። የሠርግ ባንድ መሆናቸው ነው። ኦርጋኑና የዘፋኙ ማይክ የራሳቸው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነበራቸው። ቤዙን በዚያ ሲሰኩት ተንተከተከና ጠፋ። ስለዚህ ልጄ እኔ ዘንድ መጣ። በእግሩ መጣ ማለቴ አይደለም፤ እናቱን ላከ።

«ሥራ እኮ ነው የሚለው» አለችኝ። «ከሚጠጣ ይሻላል።»

«የሚጠጡት እነማን ሆኑና? የሚዘፍኑት አይደሉም?»

«እርስዎ ሞተሩን ፈተው የገጠሙት ማን ፈቅዶልዎት ነው? አባትዎ አይደሉም መቼስ።»

ይህ እውነት ነበር፤ አባቴ ወፍጮ የሰይጣን ጥርስ ነው ይል ነበር። እውነት ሲነገረኝ አልወድም፣ ግን አልክድም። ልጄን ጠርቼ ውል ሰጠሁት።

«ማጉያውን እገዛለሁ» አልኩት። «የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። ዐቢይ ጾም እስኪገባ በሠርግ ሠርተህ ራስህን ከቻልክ መንገድህ የራስህ ነው፤ ሁለተኛ አልናገርህም። ካልቻልክ ጊታሩን ሸጠህ ወፍጮ ቤት ትገባለህ።»

«ለምን እርስዎ ይመርጣሉ?»

«ገንዘቡ የማን ነው?»

«የሚጫወተውስ የማን እጅ ነው?»

«እጅህን አልነካሁትም። ተስማማህ ወይስ አልተስማማህም?»

እናቱን አየ። እሷ መሬት መሬት አየች። «ተስማማሁ» አለ። እንደዚያ ብሎ የፈረመ ሰው እስር ቤት ካልሆነ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሁሉ እሱ በመስኮት፣ እኔ ፊት ለፊት እያየን። ሱቁ ውስጥ ነጋዴው ሁለት ነገር አወጣልን። አንዱ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ፊቱ በወንፊት ተሸፍኗል፣ ከወንፊቱ ኋላ እንደ ሰፌድ የሰፋ ስፒከር አለ። ለሁለት ሰው ሸክም ነው፤ የሚሠራውም በመብራት ብቻ ነው። ሌላው ትንሽ ማጉያ ነው፤ ዳዊት የሚያህል፣ ከሁለት ጡሩምባ ጋር። ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውና የምርጫ ቅስቀሳ መኪና የሚጭነው ዓይነት ነው። በመብራትም ይሠራል፣ በመኪና ባትሪም ይሠራል።

ልጄ ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ ጊታሩን ሰካ። አንድ ክር ነካ። የመደርደሪያው ብርጭቆ ሁሉ ተንጫጫ። ፊቱ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ፊት ሲያሳየኝ ከልጅነቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ለእኔ አልነበረም፣ ለሣጥኑ ነው።

«ይኼ ነው» አለ።

«ማዶ ይሰማል?» አልኩት ነጋዴውን።

«የትኛው ማዶ፣ አባቴ?»

«ሸለቆ ማዶ።»

ነጋዴው ሳቅ አለ። «ጡሩምባው ሁለት ሸለቆ ይሻገራል። ሣጥኑ ደግሞ… ሣጥኑም ጥሩ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። እንደ ፈለጉት።» ለነጋዴ ሁሉም ጥሩ ነው፤ የሚሸጠው ሁለቱን ነውና።

ልጄ ተነሣ። «አባ፣ ቤዝ ማዶ እንዲሰማ አይደለም። ቤዝ የሚሰማው በጆሮ አይደለም፣ በሆድ ነው።»

«ሆድ የሚሰማው ረሃብን ነው» አልኩት። «ገበሬ ሠርግ የሚደግሰው ለታደመው ብቻ መሰለህ? ለማዶው ነው። ማዶው ካልሰማ ሠርግ አልተደገሰም።»

«ያ ለዘፋኙ ነው። ለቤዙ አይደለም።»

«ገጠር መብራት አለ?»

«ጄኔሬተር እንከራያለን።»

«በየሠርጉ ጄኔሬተር ከተከራየህ፣ ጓደኞችህ ድርሻቸውን ከወሰዱ፣ መኪናው ከተከፈለ፣ ለአንተ የሚቀርህ ምንድን ነው? ፍርፋሪ?»

ጊታሩን ከሣጥኑ ነቀለ። ይህ ምክንያቴ ያን ጊዜም ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው። ሰው የሚሳሳተው በሐሰት ምክንያት ብቻ አይደለም።

ነገር ግን በሬ ሳይጠመድ አይገዛም። ገበያ ላይ ያየኸውን በሬ ጠምደህ አንድ ትልም ካላሳረስከው ቀንዱን ነው የገዛኸው። ለነጋዴው ማስያዣ አስቀምጬ ሁለቱንም ማጉያ ለአንድ ቀን ወሰድኩ። አጉረመረመ። «ኤሌክትሮኒክስ በሬ አይደለም፣ አባቴ» አለኝ። «የማይፈተን ነገር ሁሉ ማታለያ ነው» አልኩት። ይህን አባባሌን እወደው ነበር።

ፈተናውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በዚያም ኮርቼ ነበር። ወፍጮ ቤቴ መብራት አለው፣ ፊቱም ወደ ሸለቆው ነው። ልጄ ደጃፉ ላይ ይጫወታል። እኔና መሪጌታው ወንዙን ተሻግረን ማዶ ካለው ኮረብታ እንቆማለን። መሪጌታውን የጠራሁት ለጆሮው ነው፤ በልጄ ላይ አዳላህ እንዳልባልም ነው። ባለቤቴ ከልጇ ጋር ቀረች፤ ሥራዋ ነጠላዋን ማውለብለብ ነው። አንዴ ስታውለበልብ ሣጥኑ፣ ሁለት ጊዜ ስታውለበልብ ጡሩምባው መሆኑን እናውቃለን።

መሪጌታው ኮረብታውን ሲወጣ እያለከለከ ሰደበኝ።

«ለዘፈን ብለው ካህን ዳገት ያስወጣሉ! አንቱ ሰው፣ ይህንን በየትኛው መጽሐፍ አገኙት?»

«ነፍስዎን አልጠራሁም፣ ጆሮዎን ነው።»

«ጆሮዬንስ መቼ ያምናሉ? ከራስዎ በቀር የሚያምኑት አለ?»

ነጠላው አንዴ ተውለበለበ። ጠበቅን። ነፋስ አለ፣ የወንዙ ድምፅ አለ፣ ሩቅ ውሻ ይጮኻል። ሌላ ምንም የለም። ነጠላው ሁለቴ ተውለበለበ። ወዲያው ጥን፣ ጥን፣ ጥን እያለ መጣ፤ አንዱ ምት ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ፣ እንደ ተቆጠረ።

«ደረሰ!» አልኩ።

መሪጌታው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ። «ደርሷል። ግን የደረሰው ንብ ነው። ያ ሆዳም ዕቃ እንዲህ አይጮህም።»

«ንብም ቢሆን ደረሰ።»

«ያድምጡኝ። ቃጭል ሩቅ ይሰማል፤ ማኅሌት የሚቆመው ግን በከበሮ ነው። ልጁ የያዘው ከበሮ ነው። እርስዎ ቃጭል እየገዙለት ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ ደግነቱ እንዳይታወቅበት ይመስል፣ ምራቁን ጢቅ አደረገ። «ለዘፈን ከሆነ ግን ቃጭልም ከበሮም ቢሰበር ደስ ይለኛል። ብቻዬን ልውረድ፤ አይከተሉኝ።»

የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ዘፈን የሚጠላ ሰው ስለ ዘፈን ዕቃ ቢመክር ምክሩን ማን ይወስዳል ብዬ ተውኩት።

ወፍጮ ቤት ስመለስ ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «ሣጥኑ ሲመታ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ» አለች። «እዚህ፣ ደረቴ ላይ ገባ። ጡሩምባው ግን ጆሮ ይበላል…»

«ቆርቆሮ እንዲንቀጠቀጥ ነው የምንገዛው?» አልኳትና አለፍኳት። ጆሮ የሚበላውን አልጠየቅሁም። ፈተናውን ያዘጋጀሁት ከማዶ ለመስማት ነበር፤ አጠገቡ ቆሞ መስማትን ፈተና ውስጥ አላስገባሁትም። እኛ አገር ሰው ድምፅ የሚለካው እንዲህ ነው፤ ለኡኡታ፣ ለጥሪ፣ ለቅዳሴ። ድምፅ ማለት የሚደርስ ነገር ነው። አጠገብ የሚቀር ድምፅ ሹክሹክታ ነው፤ ሹክሹክታ ደግሞ የሐሜተኛ ነው።

ሣጥኑን መለስኩ፤ ጡሩምባውን ገዛሁ። ልጄ ሣጥኑ ሚኒባስ ላይ ሲጫን አላገዘም። ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አሁን ገባኝ» አለ። ምን እንደ ገባው አልነገረኝም።

ሠርጉ በጥር ነው። ሀብታሙ ገበሬ የባሕር ዛፍ ዳስ ጥሎ፣ ድፍን አገር ጠርቶ ነበር። እኔም ተጠርቼ ከሽማግሎች መካከል ተቀመጥኩ። የሄድኩት ልመርቅ አልነበረም፤ ልፈርድ ነው።

ባንዱ አንዱን ጡሩምባ ዳሱ ውስጥ ምሰሶ ላይ አሰረው። ሁለተኛውን ሊሰቅሉ ሲሉ ባለ ሠርጉ መጣ። ከሸለቆው ማዶ ካሉት ሰዎች ጋር በግጦሽ መሬት ተጣልቷል፤ አንዳቸውንም አልጠራም።

«ያኛውን ወደ ማዶ አዙሩት» አለ። «ያልተጠሩት ይስሙ። ቅናት ያቃጥላቸው።»

ልጄ እምቢ አለ። «ሁለቱም ወደ ሰው ካልዞሩ ድምፅ አይበቃም።»

ባለ ሠርጉ ወደ እኔ ዞረ። «ልጅዎ ነው አይደል? አዛዡ ማነው?»

«ባለቤቱ ያለህን አድርግ» አልኩት ልጄን። የሰው ቤት ገብቶ ባለቤትን መከራከር ብልግና ነው፤ እንዲህ ነው ያሳደግሁት። ጡሩምባው ወደ ማዶ ዞረ። ባትሪው ተሰካ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ኦርጋኑ ደህና ነበር፣ ከበሮውም። ከዚያ የልጄ ቤዝ በጡሩምባው ወጣ፤ እንደ ተርብ። ያ ትልቅ ሆድ፣ ያ ወፍራም ክር፣ የወጣው ግን የቀጠነ፣ ጥርስ የሚያሳክክ ነገር ነው። ሰው ጆሮውን ያዘ።

ከሚዜዎቹ አንዱ ተነሣ። «ኧረ ያንን በሬ ምን ነካው? እንደ ፍየል ይጮኻል!»

«ጥርሱን ነው የሚያመው!» አለ ሌላው። «ወርካ አክሎ እንደ ጉንዳን ያለቅሳል!»

«እንጨቱን አውጥታችሁ ማገዶ አድርጉት፤ ወጡ ገና አልበሰለም!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ምቱ ይሰማል፣ ሆዱ ግን የለም። ስለዚህ ማንም ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን የሚያደርገውን አደረገ፤ የማጉያውን ቁልፍ ወደ ላይ አዞረው። ይበልጥ ቀጠነ። እንደ ገና አዞረው።

ያን ጊዜ ጮኸ። ልጄ አልነካውም፤ ራሱ ነው የጮኸ። ባዶው እንጨት የጡሩምባውን ድምፅ ሰምቶ መልሶ ለጡሩምባው ሰጠው፣ ጡሩምባው ደግሞ ለእንጨቱ። ባለሙያዎች ይህን ኋላ ነው ያስረዱኝ። ያን ሰዓት የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ ኡ… ኡ… ኡ… እያለ የሚወጣና የሚወርድ፣ ልጇ እንደ ሞተባት ሴት። ልጄ ክሩን በመዳፉ ሲይዘው ይቆማል፤ ሲለቀው ይጀምራል። ሽቦውን ነቅሎ እስኪጥለው ብዙ ጊዜ ጮኸ። በዳሱ ውስጥ ሰው በሳቅ ሞተ። ወደ ማዶ የዞረው ጡሩምባ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። እኔ የመረጥኩለትን ሥራ።

እኛ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ ይሮጣል። ደውሎ የሚጠይቅበት ሞባይልም ያን ጊዜ ገጠር አልነበረም። እሳት ይሁን፣ ግድያ ይሁን፣ ሽፍታ ይሁን፣ ደርሶ ነው የሚያጣራው። የተጣላ ቢሆን እንኳ ይሮጣል፤ ጠላትህ በኡኡታህ ካልደረሰ ለሱም የሚደርስለት የለም። መጀመሪያ ውሾች ጮኹ። ከዚያ ከሸለቆው ሰዎች እየተንጠላጠሉ ወጡ። ዱላ የያዘ፣ ጠመንጃ የያዘ፣ እህል ከሚያበራይበት የመጣ መንሹን እንደ ያዘ። ፊታቸው ገለባና ላብ ነው። የፊተኛው ሽማግሌ ነበር፤ ዳሱ በር ላይ ሲደርስ መቆም አቅቶት ምሰሶ ያዘ።

«ማን ሞተ?» አለ። «ማንን ገደሉባችሁ?»

ከዚያ ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ያ የፍየሉ፣ «ጊታሩ ሞተ፣ አባቴ!» አለ። ሳቁ እንደ ገና ፈነዳ።

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባውም። ሙሽሪትን አየ፣ ጮማውን አየ፣ ምሰሶው ላይ የታሰረውን ጡሩምባ አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ያልጠራችሁን ሰዎች ነን» አለ። «በመሬት የተጣላን ነን። ሰው ሞተባችሁ ብለን ነው ውድማ ጥለን የመጣነው። እናንተ ትስቃላችሁ።»

ባለ ሠርጉ «ግቡ፣ ብሉ» አለ፣ ዘግይቶ። ማንም አልገባም። ያኔ ከማዶ አንዲት ሴት ስትጮኽ ተሰማ፤ ይህኛው ሰው የጮኸው ነው። ሰዎቹ ዞረው ሮጡ። ሲደርሱ ከብቶቹ ጠባቂ ያጣው ውድማ ውስጥ ገብተው ነበር። የተወቃውን የጤፍ ክምር በልተው፣ በልተው ያልጨረሱትን በእግራቸው ከአፈርና ከእበት ደባልቀውት አገኙት። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ጉርስ ነው።

ነገሩን ለማየት የአገር ሽማግሎች ተቀመጡ። ሐሰተኛ ኡኡታ ያሰማ ካሣ ይከፍላል፤ ይህ የቆየ ሕግ ነው፤ ማንም አልተከራከረውም። የተከራከርነው ያሰማው ማነው በሚለው ነው።

«እኔ ያዘዝኩት ዘፈን ነው፤ ኡኡታ አላዘዝኩም» አለ ባለ ሠርጉ።

«ወደ ማዶ አዙሩት ያልከውስ?» አሉት።

«ያዙርልኝ ብዬ የለመንኩት አባትየውን ነው። እሳቸው ናቸው የፈቀዱ።»

ልጄን ጠየቁት። ተነሣ። እኔን ሳያይ ተናገረ። «ማጉያውን የመረጡት አባቴ ናቸው። ለቤዝ እንደማይሆን ነግሬያቸዋለሁ። አጎቴም ነግሯቸዋል። እያወቁ ነው የገዙት። እንዳይሳካልኝና ጊታሩን እንድሸጥ ነው።»

ሽማግሎቹ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ነው?»

«ውሸት ነው» አልኩ። «አላወቅሁም። ከማዶ ፈትኜ የሚደርሰውን መረጥኩ። ቤዝ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።»

አንደኛው ሽማግሌ፣ እድሜ ልኬን የማውቀው ሰው፣ ፈገግ አለ። «አንቱ የማያውቁት ነገር አለ እንዴ?»

የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። በዳሱ ከተሳቀው የከፋው ይህ ሳቅ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አውቃለሁ እያልኩ ኖሬ፣ አላወቅሁም ባልኩባት በአንዲቷ ቀን የሚያምነኝ ጠፋ። ክፉ ነው ሲባል ለማመን ማንም አልተቸገረም። መሪጌታው ምስክር ሆኖ ተጠራ። «ከበሮና ቃጭል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለ። «ጆሮዬን አልሰሙም። ተንኮል ይሁን ድንቁርና እግዚአብሔር ያውቃል።» እውነቱን ነው የተናገረ፤ አንዲት ቃል አልጨመረም። በእውነት መበቀል እንደሚቻል ያን ቀን አየሁ።

ካሣው በሦስት ተከፈለ፤ አንዱ በባለ ሠርጉ፣ አንዱ በእኔ፣ አንዱ በተጫወተው። ባለ ሠርጉም ለባንዱ ሊከፍል የተስማማበትን ከለከለ። በዚያ ሳምንት ለሌላ ሁለት ሠርግ ቀጥረዋቸው የነበሩ ሰዎች ላኩባቸው፤ ኡኡታ አንፈልግም ብለው። ልጄን የቡሬ ሰው ሁሉ «ኡኡታ» እያለ ይጠራው ጀመር።

ከሽማግሎቹ ፍርድ በኋላ ቤት ስንገባ ውሌን አነሣሁ። እንዲህ ብዬ ነበር፤ ሰው ቃሉን ካልጠበቀ ከከብት በምን ይለያል? «ጾም ሊገባ ነው» አልኩት። «ራስህን አልቻልክም። ወፍጮ ቤት ትገባለህ።»

መልሱን የሰጠችኝ ባለቤቴ ናት።

«የመረጥከው አንተ! ማዶ ቆመህ የመረጥከው አንተ! እኔ አጠገቡ ቆሜ ሰምቼ ስነግርህ ዱቄት እንዳራገፈ ሰው አልፈኸኝ ሄድክ። አሁን ልጁን ትቀጣለህ?»

ከተጋባን ጀምሮ አንተ ብላኝ አታውቅም። ቢሆንም ውሉን አልሰረዝኩም። ዛሬም ልክ አልነበርኩም አልልም። ውል ውል ነው፤ የተሸነፈ ሁሉ ዳኛው አዳላ ካለ ውል የሚባል ነገር አይኖርም። ግን ይህን የምለው እዚህ ወረቀት ላይ ነው፤ ያን ቀን እሷ ፊት አላልኩትም።

ልጄ በማግስቱ ጊታሩን ይዞ ደምበጫ ሄደ፤ በአውቶቡስ ለሚያልፍ የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ ሸጦት ተመለሰ። የካሣ ድርሻውን ለሽማግሎቹ በእጁ ሰጠ። ከዚያ ወፍጮ ቤት መጣ። ሥራ ሊጀምር መስሎኝ የሞተሩን ቀበቶ ማሳየት ጀመርኩ። ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ውሉ ጊታሩን ሸጬ ወፍጮ ቤት እንድገባ ነበር» አለ። «ግማሹን ከፍያለሁ። ሌላውን ግማሽ እርስዎ ይክፈሉት።»

«የት ልትሄድ?»

«ማዶ» አለ። «ድምፄ ከደረስዎት ይሰሙኛል።»

የባሕር ዳሩን አውቶቡስ ያዘ። ዛሬ ለበዓል ይመጣል፤ እናቱ ዘንድ ይቀመጣል። ሲያገኘኝ ብድግ ይላል፣ ጉልበቴን ይስማል፣ ጤናዬን ይጠይቃል፤ ልክ የማያውቁትን ሽማግሌ እንደሚያደርጉት። ወፍጮውን ቅጥር ሰው ይዞታል፤ ዱቄት ይሰርቀኛል።

ማጉያውን መሪጌታው ለደብሩ በግማሽ ዋጋ ከእኔ ገዛው። ጡሩምባዎቹን ጣሪያው ላይ ሰቀላቸው፤ አንዱ ወደ ወፍጮ ቤቴ የዞረ ነው። እሑድ እሑድ ስብከቱ ቃል በቃል ይደርሰኛል። ለዚያ ሥራ ከሱ የተሻለ ማጉያ በጎጃም የለም፤ ይህንንም ቢሆን እመሰክርለታለሁ።

ልጅ ያላችሁ፣ ለልጃችሁ ዕቃ ስትመርጡ ማዶ አትቁሙ። እኔ ግን ነገርን ሳልደምር አልተውም፤ ደምሬዋለሁ። በማጉያው የከሰርኩትን፣ ጊታሩን፣ ጤፉን፣ ባንዱ ያጣውን የሠርግ ክፍያ፣ የመኪናውን ኪራይ፤ የእኔን፣ የልጄን፣ የጓደኞቹን፣ የባለ ሠርጉንና የማዶውን ቤተሰብ ኪሳራ አንድ ላይ አድርጌ። ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ብር።